የቀማሹ እንግዳ

«ቆይ፣ አትጠጣው! ተበላሽቷል እኮ!»

የጓደኛው ሚስት ድምፅ ነበር። መነጽር ሠሪው ለእንግዳ በተነጠፈለት ሶፋ ላይ ዓይኑን ገና ሳይገልጥ ነው የሰማው። ሳሎኑን ከማድቤቱ የሚለየው አንድ ስስ የእንጨት ግድግዳ ስለነበር ወዲያ ማዶ ማንኪያ ቢወድቅ እንኳ ወዲህ ይሰማል። ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማ። ከዚያ ጓደኛው «ግማሹን ጠጥቼዋለሁ» አለ። ሴትየዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ረግቷል እኮ፤ ጠረኑ ከበር ነው የሚቀበልህ» አለች። «ቀስ በይ፣ እንግዳው ይሰማል» አላት ባልየው። ቧንቧ ተከፈተ፣ ወተቱ ተደፋ፣ ብርጭቆው ታጠበ። መነጽር ሠሪው ብርድ ልብሱን አገጩ ድረስ ስቦ ጣራ ጣራውን እያየ ተኛ። ባልና ሚስት በጠዋት በወተት ቢነታረኩ የሚገርም ነገር የለውም። የገረመው ሌላ ነው። በዚህች ከተማ ውስጥ የተበላሸ ወተት ሳያውቅ የሚጠጣ ሰው ቢኖር እንኳ ይህ ጓደኛው መሆን አልነበረበትም። ጓደኛው የትልቁ ቢራ ፋብሪካ ቀማሽ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንጀራው አፍንጫውና ምላሱ ነበሩ። እሱ ቀምሶ «ይውጣ» ሳይል ከፋብሪካው አንዲት ጠርሙስ አትወጣም።

ቁርስ ላይ ቀማሹ ደስ ብሎት ነበር የተቀመጠው። ስምንት ዓመት ሙሉ «ና ላብላህ፣ ና ላጠጣህ» ብሎ የለመነው ጓደኛው ይኸው ቅዳሜና እሁድን ሊያሳልፍ ከነሻንጣው መጥቶለታል። የሚሄዱባቸውን ቤቶች በወረቀት ጽፎ ከስኳሩ ዕቃ አጠገብ አስቀምጧል፤ አምስት ቦታ። ቤቱ የፋብሪካው ቤት ነው፤ ሁለት ክፍልና ሳሎን፣ ከኋላው ልብስ የሚሰጣበት ጠባብ ግቢ። ከሁለቱ ክፍሎች አንዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ ልጃቸው ክፍል ነው፤ እሷ ለእረፍት እስክትመጣ እንግዳ እንኳ አይተኛበትም። ሚስቲቱ እንቁላሉን በየሳህኑ አድርጋ አቀረበችና ሳትቀመጥ፣ «ይቅርታ፣ ዛሬ ጨው አብዝቼበታለሁ» አለች። ባልየው ገና አንድ ጉርሻ እንደጎረሰ፣ «አዎ፣ ትንሽ በዝቷል» አለ። ዳቦውን ስታቀርብ ደግሞ፣ «ይሄኛው የትናንት ነው፤ ያኛው ትኩስ ነው» አለች። መነጽር ሠሪው ሴትየዋ ስለ ምግቧ ይህን ያህል መናገሯን ከትሕትና ቆጠረው። «እጅሽ ይባረክ፤ እንዲህ ያለ እንቁላል ከበላሁ ስንት ጊዜዬ!» ብሎ አመሰገናት። እሷ ግን ዓይኗ ከባሏ ሳህን ላይ አልተነሳም።

መጀመሪያ የሄዱት ከድልድዩ ሥር ወዳለው ዓሣ መጥበሻ ነው። ቤቱ ሦስት ጠረጴዛና አንድ ትልቅ መጥበሻ ብቻ ነው ያለው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የዋጋ ዝርዝር በላዩ ላይ ሌላ ወረቀት፣ በዚያ ላይ ደግሞ ሌላ ወረቀት እየተለጠፈበት እንደ ፍራሽ ወፍሯል። «ዋጋው ይወፍራል፣ ዓሣው ይከሳል» ብሎ ቀማሹ ቀለደና ሁለት አዘዘ። ዓሣው ሲመጣ ለማየት ያምራል፤ ወርቅ መስሎ ተጠብሷል። መነጽር ሠሪው አንድ ጊዜ እንደቆረሰ ግን የዘይቱ ክርፋት ጉሮሮውን ያዘው። ስንት ቀን የተመላለሰ ዘይት እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ቀና ሲል ጓደኛው እያጣጣመ ይበላል። «እዚህ ቤት የምወድላቸው ይሄን ነው፤ ዘይቱን በየቀኑ ይቀይራሉ። ቀመስከው? እንዴት ንጹህ እንደሆነ!» መጥበሻው አጠገብ የቆመው ሰውዬ ይህን ሲሰማ ጀርባውን አዙሮ የጸዳውን ጠረጴዛ እንደገና መወልወል ጀመረ። መነጽር ሠሪው ቁራሹን በውሃ አወራርዶ ዋጠ። ለዓሣ ቤቱ ባለቤት አዝኖለት ይሆናል፤ ጨዋ ሰው አይደል? ብሎ ነገሩን ተወው።

ቀጥለው በእግራቸው ወደ አንዲት ትንሽ መጥመቂያ ሄዱ። የቀድሞ ጋራዥ ነው። ባለቤቷ የመካኒክ ልጅ ናት፤ አባቷ ሲሞቱ መኪና ማንሻውን ሸጣ ሦስት ጋን ገዛች። ወለሉ ላይ የሞተር ዘይት ጥቁረት እስከ አሁን አለ። ቀማሹን ስታይ ተነሥታ እጇን በሽርጧ ጠራረገች፤ ተማሪ አስተማሪውን መንገድ ላይ ሲያገኝ እንደሚሆነው ነው የሆነችው። «እንኳን መጡልኝ ጋሼ። ከእርስዎ ቃል ሳልሰማ ሥራ አልቀጥልም» አለችና ሁለት ሁለት ብርጭቆ ለሁለቱም ቀዳች። ቀማሹ የመጀመሪያውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣ፤ አሽከረከረው፤ አፍንጫውን አስገብቶ ቆየ፤ ተጎነጨ፤ ዓይኑን ጨፈነ። ለማየት ያስደስታል። ከመናገሩ በፊት ግን ዓይኑን ገልጦ ጓደኛውን አየው። ያየው ፊቱን ነው፤ ከፊቱም ከንፈሩን።

መነጽር ሠሪው ይህን አስተያየት ያውቀዋል። ለመንጃ ፈቃድ ዓይናቸውን ሊያስመረምሩ ወደ ሱቁ የሚመጡና ፊደሉ የማይታያቸው ሰዎች ሁሉ እንዲህ ያያሉ። የፊደል ሰሌዳውን ትተው የእሱን ፊት ነው የሚያነቡት፤ ልክ ሲሉ ፊቱ ይፈታ፣ ሲስቱ ይጠቁር እንደሆነ ያጠኑታል። ሃያ ዓመት እንዲህ ሲታይ የኖረ ሰው አይሳሳትም። ጠዋት የሰማው የወተቱ ነገር፣ ሴትየዋ ስለ ጨዉ ያለችው፣ የዓሣው ዘይት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣበት። ሁለተኛውን ብርጭቆ አንሥቶ ቀመሰ። ኮምጣጤ ነው። ጉንጩን ከሁለት ወገን ሰብስቦ ያዘው። ለምን እንዳደረገው እሱም አያውቅም፤ ፈገግ ብሎ፣ ጣፋጭ እንደቀመሰ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

ቀማሹ ፊቱን አየና የራሱን ሁለተኛ ብርጭቆ ተጎንጭቶ አስቀመጠ። «ይሄኛው ይበልጣል» አላት። «መጨረሻው ላይ ማር ማር ይላል። በዚሁ ቀጥይ።»

ልጅቷ አንዱን ብርጭቆ አየች፣ ሌላውን አየች፣ ከዚያ በሳቅ ፈነዳች። «እርስዎ ሲቀልዱ እኮ አያስታውቁም! የሚደፋው ነው ጋሼ፤ ምን እንደነካው እንዲነግሩኝ ብዬ ነው ያቆየሁት።» ቀማሹም ሳቀ። ከእሷ ሳቅ በኋላ ብዙ ቆይቶ ሳቀ። «ጋንሽን እጠቢ» ብሏት ወጣ።

ከጋራዡ ጎን ለጎን የፈረሰ አጥር ጥግ የድንጋይ መቀመጫ አለ። ቀማሹ እዚያ ተቀመጠና በኪሱ የያዘውን የአምስት ቤቶች ወረቀት አውጥቶ ማጠፍ ጀመረ፤ አጥፎ አጥፎ የጥፍር ያህል አደረገው። መነጽር ሠሪው አጠገቡ ተቀመጠ። አፉ ውስጥ ኮምጣጤው ገና አለ። እንዳፈረ ያውቃል፤ ማፈሩ ግን ምንም እንደማይመልስ ያውቃል።

«ፈተንከኝ» አለ ቀማሹ።

«አዎ። ይቅር በለኝ።»

«ምንም አይደል። አንድ ሰው መፈተን ነበረበት።» ቀማሹ ወረቀቱን ጣለው። «አሥራ አንድ ወሩ ነው። ጉንፋን ያዘኝ፤ አራት ቀን ተኛሁ፤ ስነሣ ዓለም ሁሉ ውሃ ሆኖ ጠበቀኝ። ሥጋ እበላለሁ፣ ካርቶን ነው። የልጄን ፀጉር እስማለሁ፣ ምንም። ሐኪሙ ነርቭ ነው፣ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል አለኝ። እስኪመለስ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አንድ ሳምንት አልኩ፣ አንድ ወር አልኩ።» ከዚያ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ለዓይን አንተ አለህ። ለዚህ የሚሆን መነጽር የላችሁም?»

ወጣት ሳሉ አንድ ክፍል ተከራይተው ሲኖሩ ይህ ሰው በር ሲከፍት ገና ከደጅ በታችኛው ቤት ምን እንደተሠራ፣ ማን ጫማውን እንዳወለቀ፣ ዝናብ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ይናገር ነበር። መነጽር ሠሪው እጁን ትከሻው ላይ አደረገለት። ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎት ነበር። አላበቃም። ቀማሹ መሬት መሬቱን እያየ፣ ድምፁን እያሳነሰ፣ የቀረውን ነገረው። ከሰባት ወር በፊት የተበላሸ አንድ ጋን ቢራ በእሱ ፊርማ አለፈ። ጠርሙሱ በየከተማው ደርሶ ሰው እየተፋ መለሰው። ኮሚቴ ተቀመጠ። ቀማሹን ጠየቁት፤ «ስቀምሰው ደህና ነበር» አለ። ደህና ከነበረ ታዲያ ከጋኑ ከወጣ በኋላ ነው የተበላሸው፤ ከጋኑ እስከ ጠርሙሱ ያለው ደግሞ ቧንቧ ነው። ቧንቧውን የሚያጥበው ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገለ፣ ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ ቧንቧ» እያለ የሚጠራው ሰው ነበር። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ሲቀረው አባረሩት።

«እሱ ምን አለ?»

«አጥቤያለሁ አለ። መጀመሪያ ላይ እንደዚያ አለ። ሲደጋግሙበት ዝም አለ። ሊከሱት ነበር፤ እኔ ነኝ ለምኜ ያስቀረሁት።»

«ሚስትህ ታውቃለች?»

«የአፍንጫዬን ታውቃለች። የሰውየውን አታውቅም።»

መነጽር ሠሪው፣ ሰኞ ጠዋት ሂድና ተናገር አለው። ቀማሹ አልተቆጣም፤ ይህን ለራሱ ብዙ ጊዜ እንደተናገረው ያስታውቃል። ብናገር ያባርሩኛል አለ፤ ቤቱ የእነሱ ነው፤ ልጄ ለመመረቅ ሁለት ዓመት ይቀራታል፤ በዚህ ዕድሜ ቀማሽነት እንጂ ሌላ ሙያ የለኝም፤ እሱም የለኝም። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «አንተ ብትሆን?» አለው። ጥያቄው የምር ነበር፤ መልስ ይጠብቃል። መነጽር ሠሪው ሱቁን አሰበ፣ ሚስቱን አሰበ፣ አንድ ቀን ጠዋት ተነሥቶ ሰሌዳው ቢጨልምበት ምን እንደሚያደርግ አሰበ። እናገር ነበር ለማለት አፉን ከፈተ፤ ውሸት እንዳይሆን ፈርቶ ዘጋው። አንድ ሰው ውሻውን እየጎተተ በፊታቸው አለፈና ሰላም አላቸው፤ ሰላም አሉት።

ከቀኑ ወደ አሥር ሰዓት ግድም ዝናብ ጣለ። የቀሩትን ቤቶች ትተው ወደ ቤት እየተመለሱ ነበር፤ ዶፉ ሲበረታባቸው ከአውቶቡስ ጣቢያው ጀርባ በቅርብ ወዳገኙት ሾርባ ቤት ሮጠው ገቡ። ከሁለቱም ማንም አይቶት የማያውቅ ቤት ነው። ጠረጴዛዎቹ ላስቲክ ለብሰዋል፤ መስኮቱን እንፋሎት ሸፍኖታል፤ መንገደኞች ሻንጣቸውን በእግራቸው መሃል ይዘው ይበላሉ። ሁለት ሾርባ አዘዙ። ቀማሹ ማንኪያውን በሾርባው ውስጥ እያዞረ ተቀመጠ። ለማስመሰል እንኳ አልሞከረም፤ መነጽር ሠሪውም ስለ ጣዕሙ ምንም አላለም። ከጓዳው የሳህን መንኳኳት ይሰማል። ያ ድምፅ ቆመና ጎማ ሽርጥ ያደረገ፣ እጁ እስከ ክርኑ የቀላ፣ ቀጠን ያለ ሽማግሌ ከበሩ ብቅ አለ። ዓይኑን አጥብቦ አየና ፊቱ በራ።

«አንተ ነህ? ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! እንዴት እዚህ ጣለህ?»

ቀማሹ ተነሥቶ ቆመ። ማንኪያው ከእጁ ወደቀ። «ጋሼ» አለ። ሽማግሌው እርጥብ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ በትከሻው ሰላም አለው፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ ወደ መነጽር ሠሪው ዞሮ፣ «ይህን ሰው ያዩታል?» አለ። «ፋብሪካው ሊከሰኝ ሲነሣ የተከራከረልኝ እሱ ብቻ ነው። እሱ ባይኖር ዛሬ የት ነበርኩ! እርስዎ ወዳጁ ነዎት?» ወዳጁ ነኝ አለ መነጽር ሠሪው። ሥራውንና የመጣበትን ከተማም ተጠይቆ ተናገረ። ሽማግሌው ደስ አለው፤ ወንበር ስቦ በጫፉ ተቀመጠ። እዚህ ደህና ነኝ አላቸው፤ ባለቤቷ ደግ ሴት ናት፤ ሳህን ከቧንቧ ይሻላል፤ መንጻቱን በዓይንህ ታየዋለህ። ይህን ካለ በኋላ ወንበሩን ወደ ቀማሹ አስጠጋ።

«እንኳን አገኘሁህ። አንድ ነገር ልጠይቅህ ስል ነው የከረምኩት፤ አንተ አትዋሸኝም። ያን ቀን ጠዋት ቧንቧውን በፍል ውሃ ሦስት ጊዜ፣ በመድኃኒት አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በቀዝቃዛ አጠብኩት። የመጨረሻውን ውሃ በእጄ ተቀብዬ አይቼዋለሁ። እስከ አሁን ዓይኔ ላይ አለ፤ መስታወት ነው። እነሱ አላጠብክም አሉ። አንተም ከጋኑ ሲወጣ ደህና ነበር አልክ፤ አንተ ካልክ ደህና ነበር። ታዲያ እኔ ያየሁት ምኑን ነው?» ድምፁ ዝቅ አለ። «አእምሮዬ እየሄደ ይመስለኛል። ለልጄ ነገርኳት። ሥራ ስትሄድ ምድጃውን ቆልፋብኝ ትሄዳለች፤ ራሴው ነኝ ቆልፊ ያልኳት። ረስቼ ቤት እንዳላቃጥልባት። ልጇንም እኔ ዘንድ ትታ አትሄድም፤ እሱንም ራሴ ነኝ ያልኳት። አንተ ንገረኝ እስቲ፤ ሰው ያላደረገውን እንዳደረገ ሆኖ ሊታየው ይችላል?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። መነጽር ሠሪው ጓደኛውን አየ። አሁን ይናገራል ብሎ ጠበቀ። የቀማሹ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ደሙ ከፊቱ ሸሽቷል።

«ሰው ነዎት ጋሼ» አለ በመጨረሻ። «ሰው ይረሳል።»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። ቀስ ብሎ፣ ብዙ ጊዜ ነቀነቀ። «እኔም እሱን ነው የምለው» አለ። ሲናገር ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን አልጠፋም፤ ግን በውስጡ የሆነ ነገር ቁጭ አለ፤ ትከሻው ወረደ። መነጽር ሠሪው፣ ውሸት ነው፣ አልረሱም፣ ሊል ሁለት ጊዜ አፉን ከፈተ። መጀመሪያ ሲከፍተው ጠዋት የባሏን ሳህን ስታይ የነበረችው የቀማሹ ሚስት በፊቱ መጣች። ሁለተኛ ሲከፍተው የቀማሹ ጉልበት ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቱን ነካው፤ አልገፋውም፤ ተደግፎ ቀረ፣ እንደታመመ ሰው። አንዱን ቢያወጣ ሌላው ይሰምጣል፤ እሱ ደግሞ የሁለት ቀን እንግዳ ነው፤ ነገ በአራት ሰዓት አውቶቡስ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ሲያስብ ሽማግሌው ወደ እሱ ዞረ።

«እርስዎ የትልቅ ከተማ ሰው ነዎት። ለመርሳት የሚሆን ሐኪም ያውቃሉ?»

ከሱቁ በላይ፣ እዚያው ሕንፃ ላይ አንድ የነርቭ ሐኪም አለ። «አውቃለሁ» አለ መነጽር ሠሪው። ከኪሱ ደረሰኝ አወጣና በጀርባው አድራሻውን፣ የሥራ ሰዓቱንና ስልኩን ጻፈ። ሽማግሌው ወረቀቱን ተቀብሎ አራቀው፣ አቀረበው፣ ከዚያ በሐዘን ሳቀ። «ይኸው፣ መነጽሬንም ቤት ረሳሁት። ያንብቡልኝ እስቲ።» አነበበለት። «አንዴ ይድገሙልኝ፤ እንዳልረሳው።» ደገመለት። ሽማግሌው ወረቀቱን በአራት አጥፎ፣ እንዳይረጥብ ከሽርጡ ሥር ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና ዓይኑን ወደ ጣራው አነሣ።

«ከባቡር ጣቢያው ሁለተኛው መንገድ፣ አረንጓዴ በር ያለው ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ቁጥር አሥራ ሰባት። ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ጠዋት ብቻ። ስልኩ ሰባ አራት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ዜሮ ስድስት፣ ሰማንያ ሁለት። መሥመሩ ከተያዘ መጨረሻውን ሰማንያ ሦስት ማለት ነው።» ከዚያ በጭንቀት ሁለቱንም አያቸው። «ልክ ነኝ?»

ቀማሹ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እንፋሎት የሸፈነው መስኮት ምንም አያሳይም።

«ልክ ነዎት» አለ መነጽር ሠሪው።

«ተመስገን» አለ ሽማግሌው። «ዛሬ ደህና ቀኔ ነው ማለት ነው።» የሁለቱን ሳህኖች ከነሾርባቸው አነሣና ሊያጥባቸው ይዟቸው ገባ።